ቪዲዮው ለምን ይንተባተባል? ስለ ሊኑክስ፣ ስለ አሮጌ ላፕቶፖቻችንና ስለ ባለቤትነት

መንደርደሪያ

እንደሚታወቀው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ከዚያ ወዲህ ለዊንዶውስ 11 አትበቁም የተባሉ ላፕቶፖች በየቤታችን ምድር ቤትና በየቁም ሣጥኑ ሥር ተከማችተዋል። አንዳንዶቹ ይጣላሉ። አንዳንዶቹ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ገብተው ለእህትና ለወንድም ልጆች ይላካሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ ሊኑክስ ተጭኖባቸው ነፍስ ይዘራሉ።

ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ኢሜይል ያነባል፣ ጋዜጣ ይከፍታል፤ እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። ፈተናው የሚመጣው አንድ ረዘም ያለ ቃለ ምልልስ ወይም ድራማ ለማየት ሲከፈት ነው። ምስሉ ይንተባተባል። ድምፁ ይቀድማል፣ ከንፈሩ ይከተላል። የማቀዝቀዣው ማራገቢያ እንደ ጄኔሬተር ያጓራል፣ ባትሪው በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ያን ጊዜ ፍርድ ይሰጣል፤ ወይ «ሊኑክስ ለቪዲዮ አይሆንም» ይባላል፣ ወይ «ኮምፒዩተሩ አርጅቷል» ተብሎ ወደ ቆሻሻው ይሄዳል።

በበኩሌ ሁለቱም ፍርዶች አብዛኛውን ጊዜ ትክክል አይመስሉኝም። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ነገር አጭር ነው። በአብዛኞቹ በእነዚህ ላፕቶፖች ውስጥ ቪዲዮ ለመፍታት ብቻ ተብሎ የተሠራ ክፍል አለ፤ ምስሉ የሚንተባተበው ብዙውን ጊዜ ይህ ክፍል ሥራ ፈትቶ ስለሚቀመጥ ነው። ሥራ የሚፈታበት ምክንያት ደግሞ ግማሹ ቴክኒክ ሲሆን ግማሹ ሕግና ገንዘብ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው እኔም ከሥሩ ልጀምር።

የቪዲዮ ሸክም ምን ያህል ነው?

ቪዲዮ የምንለው በተከታታይ የሚታዩ ፎቶግራፎች ድርድር ነው። አንዱ ፎቶግራፍ ፍሬም ይባላል። ዛሬ ተራ በሚባለው የ1080 መስመር ቪዲዮ አንዱ ፍሬም በወርዱ 1920፣ በቁመቱ 1080 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቀለም መጠን አንድ አንድ ባይት ብንሰጥ አንዱ ፍሬም ወደ 6.2 ሜጋባይት ይመዝናል። በሴኮንድ 30 ፍሬም ሲታይ ይህ 187 ሜጋባይት ይሆናል። የአንድ ሰዓት ፕሮግራም እንዲሁ በጥሬው ቢቀመጥ 670 ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል። ይህን በኢንተርኔት መላክ ቀርቶ በአሮጌው ላፕቶፕ ዲስክ ላይ ማስቀመጥም አይቻልም።

ስለዚህ ቪዲዮ ታምቆ ይላካል። የማመቁ ጥበብ የተመሠረተው አንዱ ፍሬም ከቀዳሚው ብዙም የማይለይ በመሆኑ ላይ ነው። አንድ እንግዳ በስቱዲዮ ተቀምጦ ሲናገር አስቡት። ከኋላው ያለው ግድግዳ፣ ጠረጴዛውና አበባው ለግማሽ ሰዓት አይነቃነቁም፤ የሚንቀሳቀሱት ከንፈሩ፣ ዓይኑና እጁ ናቸው። ስለዚህ አንዴ ሙሉ ፍሬም ከተላከ በኋላ ለሚቀጥሉት ፍሬሞች የተለወጠውን ብቻ፣ እሱንም «ያ ቁራጭ ከዚያ ወደዚህ ሄደ» በሚል ትእዛዝ መላክ ይበቃል። በዚህ መንገድ 187 ሜጋባይት የነበረው የአንድ ሴኮንድ ሸክም ከአንድ ሜጋባይት በታች ይወርዳል። በአንጻሩ ሃያ ሰው ትከሻውን የሚያርገፈግፍበት የእስክስታ ቪዲዮ ሁሉ ነገሩ በአንድ ጊዜ ስለሚንቀሳቀስ ለማመቅም ለመፍታትም ከባድ ነው። ቃለ ምልልሱን በሰላም ያሳየ ላፕቶፕ የሠርግ ጭፈራ ላይ ሲደርስ የሚንገዳገደው ለዚህ ነው።

ታምቆ የመጣው በእኛ ቤት መፈታት አለበት። ለዚህ የተሰጠው ጊዜ ደግሞ የተቈረጠ ነው። በሴኮንድ 30 ፍሬም ከሆነ ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 33 ሚሊሴኮንድ ነው፤ 60 ፍሬም ከሆነ ወደ 17 ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ትእዛዙን አንብቦ፣ ቁራጮቹን አንቀሳቅሶ፣ ቀለሙን ቀይሮ፣ ምስሉን በመስኮቱ ልክ አሳድጎ ወይም አሳንሶ ስክሪኑ ላይ ማድረስ አለበት። ካልደረሰ ያ ፍሬም ይዘለላል። መንተባተብ የምንለው ይኸው የተዘለሉ ፍሬሞች ክምችት ነው።

ሙቀጫና ወፍጮ

የማመቅና የመፍታቱ ስልት ኮዴክ ይባላል። ዛሬ በብዛት የምናገኛቸው አራት ናቸው። ኤች 264 እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው አንጋፋው ነው። ኤች 265 በ2013 የመጣ ሲሆን የታለመው ያንኑ ጥራት በግማሽ መጠን ለመስጠት ነበር። ቪፒ 9ን ጉግል በዚያው በ2013 አወጣው። ኤቪ 1 ደግሞ ጉግልና ሌሎች ትልልቅ ኩባንያዎች በጋራ ሠርተው በ2018 ያወጡት ነው። ኮዴኩ አዲስ በሆነ ቁጥር የሚልከው ያንሳል፣ ለመፍታት የሚጠይቀው ሥራ ግን ይበዛል።

ይህን ሥራ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሁለት ወገን ሊሠራው ይችላል። አንደኛው ሲፒዩ፣ ማለትም ሁሉን ነገር የሚያውቀው ዋናው አንጎል ነው። ሁለተኛው በግራፊክስ ቺፑ ውስጥ የሚገኝ፣ ከቪዲዮ ሌላ ምንም የማያውቅ ትንሽ ክፍል ነው። ልዩነታቸው እንደ ሙቀጫና እንደ ወፍጮ ነው። እህል በሙቀጫ ሊወቀጥ ይችላል፤ ነገር ግን ጉልበት ይፈጃል፣ ያልባል፣ ቀኑም ያልቃል። ወፍጮው ከመፍጨት በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም፤ የሚያውቃትን አንዲቷን ሥራ ግን በቀላሉ ይጨርሳታል። ሲፒዩ ቪዲዮ ሲፈታ እህል በሙቀጫ እየወቀጠ ነው። ሙቀቱ፣ የማራገቢያው ጩኸትና የባትሪው ቶሎ ማለቅ ላቡ ነው።

ወፍጮው ግን የሚፈጨው የሚያውቀውን እህል ብቻ ነው። እዚህ ላይ የላፕቶፑ ዕድሜ ይገባል። ግራፊክስ አብሯቸው የተሠራ የኢንቴል ኮር ቺፖች ከ2ኛው ትውልድ፣ ማለትም ከ2011 ጀምሮ ኤች 264ን ያለ ችግር ይፈታሉ። በ2015 የመጣው 6ኛው ትውልድ ተራውን ኤች 265 ጨመረ። ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ በላፕቶፖች ላይ የታየው 7ኛው ትውልድ ቪፒ 9ንም ሙሉ በሙሉ ያውቃል። ኤቪ 1ን የሚያውቁት ከ11ኛው ትውልድ፣ ማለትም ከ2020 ወዲህ ያሉት ናቸው። ኤኤምዲና ኤንቪዲያም ኤቪ 1ን በግራፊክስ ካርዶቻቸው ማስገባት የጀመሩት በዚያው በ2020 ገደማ ነው።

ለዊንዶውስ 11 አይበቁም ከተባሉት የኢንቴል ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከ7ኛው ትውልድ በታች ያሉ ናቸው። በሌላ አነጋገር የተጣሉት ማሽኖች ቢያንስ ኤች 264ን፣ አንዳንዶቹም ኤች 265ንና ቪፒ 9ን የሚፈጭ ወፍጮ በሆዳቸው ይዘው ነው የተጣሉት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ወፍጮው ለምን ቆመ?

አንባቢ «ወፍጮው ካለ ለምን አይሠራም?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ሦስት ክፍል አለው።

የመጀመሪያው የድራይቨር ጉዳይ ነው። ድራይቨር ማለት በሶፍትዌሩና በቺፑ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም ፕሮግራም ነው። በሊኑክስ ዓለም ለቪዲዮ የሚያገለግል አንድ ወጥ ቋንቋ ለመፍጠር ኢንቴል ቪኤ-ኤፒአይ የሚባለውን አመጣ፤ ኤንቪዲያ ደግሞ በ2008 ቪዲፓው የሚባል የራሱን ይዞ ቀረበ፣ በኋላም ኤንቪዴክ የሚባል ሌላ ጨመረ። ኤኤምዲ ምንጩ ክፍት በሆነው ሜሳ በተባለው የድራይቨሮች ስብስብ በኩል ቪኤ-ኤፒአይን ይናገራል። ኢንቴል ራሱ ሁለት ድራይቨር አለው፤ አንዱ ለአሮጌዎቹ ቺፖች፣ ሌላው ከ5ኛው ትውልድ ጀምሮ ላሉት። የተሳሳተው ከተጫነ፣ ወይም ጭራሽ ካልተጫነ፣ ወፍጮው ሰው እንዳለ እንኳ አይሰማም።

ሁለተኛው የብራውዘር ጉዳይ ነው። ዛሬ አብዛኛውን ቪዲዮ የምናየው በብራውዘር ውስጥ ሲሆን ብራውዘሮች ለሊኑክስ ተጠቃሚ ለብዙ ዓመታት ጀርባቸውን ሰጥተው ኖረዋል። የሚገርመው የጉግል ክሮምቡኮች በሊኑክስ ከርነል ላይ የቆሙ ሆነው ሳለ ቪዲዮን በወፍጮው ሲፈቱ፣ በተራው ሊኑክስ ላይ የሚጫነው ክሮም ግን ይህን ለረጅም ጊዜ በይፋ ሳይደግፍ መቆየቱ ነው። ፋየርፎክስ ነገሩን ለኢንቴል ግራፊክስ በነባሪነት የከፈተው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 በወጣው 115ኛ እትሙ ነው። ከዚያ በፊት ተጠቃሚው ራሱ ቅንብሩን ፈልጎ መክፈት ነበረበት። «ሊኑክስ ለቪዲዮ አይሆንም» የሚለው ስም የወጣው በአብዛኛው በዚያ ዘመን ነው፤ ስም ደግሞ አንዴ ከወጣ ለመመለስ ያስቸግራል።

ሦስተኛውና የእኔን ትኩረት የሳበው የሕግ ጉዳይ ነው። ኤች 264ና ኤች 265 በብዙ ኩባንያዎች የፈጠራ መብት፣ ማለትም በፓተንት የታጠሩ ናቸው። የሚጠቀምባቸው ሁሉ ፈቃድ መግዛት አለበት። ሊኑክስን በነጻ የሚያድል ድርጅት በእያንዳንዱ ቅጂ ክፍያ ሊከፍል አይችልም፤ ስንት ሰው እንደጫነውም አያውቅም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት፣ በሕግ ስጋት ምክንያት ኤች 264ንና ኤች 265ን በግራፊክስ ቺፑ የሚፈታውን ክፍል ከሚያድለው የሜሳ ድራይቨር ውስጥ አወጣው። በማግስቱ የኤኤምዲ ግራፊክስ ያላቸው ተጠቃሚዎች ኮምፒዩተራቸው ያው ኮምፒዩተር፣ ቺፑም ያው ቺፕ ሆኖ ወፍጮው ቆመባቸው። ቺፑን ገዝተውታል፤ በውስጡ የተሠራውም ክፍል አለ። የጠፋው መንገዱ ብቻ ነው።

ይህ ታሪክ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዮን ሌክ ዮሃንሰን የተባለ የኖርዌይ ወጣት፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከሌሎች ጋር ሆኖ የዲቪዲ ፊልሞችን ቁልፍ የሚከፍት ዲሲኤስኤስ የተባለ ፕሮግራም አወጣ። በሕጋዊ መንገድ የተገዛን ዲቪዲ በሊኑክስ ላይ የሚያሳይ ፕሮግራም በወቅቱ አልነበረም። ልጁ በገዛ አገሩ ተከሰሰ። የኦስሎ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2003፣ ይግባኝ ሰሚውም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በነጻ አሰናበቱት። ፍርዱ የሰውየውን ጥያቄ መለሰለት፤ የገዛሁትን በገዛ ኮምፒዩተሬ ማየት እችላለሁ ወይ የሚለውን። የእኛም ጥያቄ፣ መልኩ ቢለወጥም፣ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

መልካሙ ዜና ፓተንት ዘላለማዊ አለመሆኑ ነው። በአብዛኛው ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ ለ20 ዓመት ይጸናል። ኤምፒ 3 የሚባለው የድምፅ ስልት እንዲሁ ታጥሮ ኖሮ የፈቃድ ሽያጩ በ2017 አበቃ፤ ዛሬ ማንም ስርጭት ያለ ስጋት ይዞት ይወጣል። የኤች 264ም ፓተንቶች አንድ በአንድ ጊዜያቸው እያለፈ ነው። ቪፒ 9ና ኤቪ 1 ደግሞ ከመጀመሪያው ያለ ክፍያ ማንም እንዲጠቀምባቸው ታስበው የተሠሩ ናቸው። ችግሩ ግን አሮጌው ወፍጮ የሚያውቀው የታጠረውን እህል ሲሆን ነጻው እህል የሚፈጨው በአዲሱ ወፍጮ መሆኑ ነው። ድሃው ከሁለቱም መካከል ቀረ ማለት ነው።

ከመድኃኒቱ በፊት ምርመራ

መንተባተብ ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም። ምልክቶቹን መለየት ግማሽ ሕክምና ነው።

ሀ) ምስሉ ቆሞ የመጠበቂያው ክብ የሚሽከረከር ከሆነ ችግሩ ኢንተርኔቱ ነው። ቪዲዮው አልደረሰም፤ ያልደረሰውን ማንም አይፈታውም።

ለ) ድምፁ ሳይቋረጥ እየቀጠለ ምስሉ የሚዘል ከሆነ ችግሩ መፍታቱ ላይ ነው። ቪዲዮው ደርሷል፣ ሙቀጫው አልቻለም።

ሐ) ምስሉ የማይዘል ሆኖ ካሜራው ሲዞር መሐሉ ላይ እንደተቀደደ ጨርቅ አግድም የሚሰነጠቅ ከሆነ ችግሩ ስክሪኑ ላይ የማድረሱ ሥራ ነው። ፍሬሙ ተፈትቷል፤ ከስክሪኑ እድሳት ጋር ግን አልተጣጣመም።

መ) ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ደህና ሆኖ በኋላ የሚዳከም ከሆነ ሙቀት ነው። ቺፑ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በማራገቢያው ውስጥ የተጠራቀመ አቧራ ነው።

ቀጥሎ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። በዩቲዩብ ቪዲዮው ላይ በቀኝ ቁልፍ ሲጫኑ ከሚመጣው ዝርዝር ግርጌ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚል አለ። እሱን ሲከፍቱ ኮዴኩ የትኛው እንደሆነና ስንት ፍሬም እንደተዘለለ በቁጥር ይነግራል። ኤቪሲ 1 የሚል ካለ ኤች 264 ነው፤ ቪፒ 09ና ኤቪ 01 የሚሉት ስማቸው ራሱ ይናገራል። በሊኑክሱ በኩል ደግሞ ቪኤ-ኢንፎ የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ። ተርሚናል ላይ ሲጠሩት የግራፊክስ ቺፑ የትኞቹን ኮዴኮች እንደሚፈታ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ወይም ስሕተት ከመለሰ ድራይቨሩ የለም ማለት ነው። ዝርዝሩ ሞልቶ ሲፒዩው ግን በቪዲዮ ጊዜ መቶ በመቶ የሚሮጥ ከሆነ ድራይቨሩ አለ፣ ብራውዘሩ ግን አይጠራውም። ፋየርፎክስ በእርዳታ ምናሌው ውስጥ ባለው የችግር መፍቻ መረጃ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ኮዴክ በሃርድዌር ይፈታ አይፈታ እንደሆነ በሰንጠረዥ ያሳያል።

መድኃኒቱ

አንደኛ፣ ትክክለኛውን ድራይቨር መጫን። በኡቡንቱና በሊኑክስ ሚንት አብዛኛው ነገር በሶፍትዌር ማዕከሉ ይገኛል፤ ለኢንቴል ከ5ኛው ትውልድ ወዲህ ላለው ኢንቴል ሚዲያ ድራይቨር፣ ከዚያ በታች ላለው አሮጌው ድራይቨር ነው። በፌዶራ አርፒኤም ፊዩዥን የሚባለውን የበጎ ፈቃደኞች ማከማቻ ከፍቶ ሙሉውን የሜሳ ድራይቨርና ሙሉውን ኤፍኤፍምፔግ ከዚያ ማውረድ ያስፈልጋል። ለኤንቪዲያ የኩባንያው የራሱ ድራይቨር ይጫናል፤ ፋየርፎክስ እንዲጠቀምበት ደግሞ በጎ ፈቃደኞች የሠሩት አስተርጓሚ ይጨመራል።

ሁለተኛ፣ የወረደን ፋይል በብራውዘር ሳይሆን በማጫወቻ ማየት። እዚህ ላይ ሁለት ስም መጥራት ይበቃል። ቪኤልሲ እ.ኤ.አ. በ1996 በፓሪስ የኢኮል ሳንትራል ተማሪዎች የጀመሩት ሥራ ነው። ኤምፒቪ ደግሞ መልኩ ደረቅ ቢሆንም ለአሮጌ ማሽን የሚመረጥ ነው፤ በነባሪነት ግን በሲፒዩ ስለሚፈታ የሃርድዌር መፍቻውን በቅንብር ፋይሉ ውስጥ «አውቶ» ብሎ መክፈት ያስፈልጋል። ቪዲዮው እየሄደ «አይ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ሲጫኑ በምን እየፈታ እንደሆነና ስንት ፍሬም እንደዘለለ ያሳያል።

ሦስተኛ፣ ለማሽኑ የሚችለውን መስጠት። የብዙዎቹ አሮጌ ላፕቶፖች ስክሪን 1366 በ768 ነጥብ ነው። በዚህ ስክሪን ላይ የ1080ውን ቪዲዮ መክፈት ያልተጠየቀ ሸክም ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሁለት ሚሊዮን ነጥብ ፈትቶ ግማሹን ይጥለዋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። የ720ው ቪዲዮ 921,600 ነጥብ ብቻ ስላለው ሥራው ከግማሽ በታች ይቀንሳል፣ ለዓይን ግን በዚያ ስክሪን ላይ ያን ያህል ልዩነት የለውም። የ60 ፍሬሙን ትቶ የ30ውን መምረጥ ደግሞ የቀረውን እንደገና በግማሽ ያወርዳል።

አራተኛ፣ የሚሰነጠቅ ምስል ላለበት ዌይላንድ ወደሚባለው አዲሱ የስክሪን ሥርዓት መሻገር፣ ወይም በአሮጌው ኤክስ 11 ላይ የመሰንጠቅ መከላከያውን መክፈት። አምስተኛው ከሁሉም የሚቀለው ነው፤ ማራገቢያውን ከአቧራ ማጽዳት።

አንድ አስቸጋሪ ምርጫ

አሁን የምናገረው ነገር ላፕቶፕ ወደ አገር ቤት የሚልክን ሰው በቀጥታ ይመለከታል። ዩቲዩብ ሲችል ቪፒ 9ን ወይም ኤቪ 1ን መላክ ይመርጣል፤ ምክንያቱም መጠናቸው ያነሰ ነው። የ2013 ላፕቶፕ ግን ሁለቱንም በወፍጮው አያውቃቸውም፣ በሙቀጫ ሊወቅጣቸው ይገደዳል። ለዚህ የሚመከረው መላ ዩቲዩብ ኤች 264ን ብቻ እንዲልክ የሚያስገድዱ ትንንሽ የብራውዘር ተቀጥላዎችን መጫን ነው። ይሠራል። ዩቲዩብ ኤች 264ን ከ1080 በላይ አያቀርብም፤ ለአሮጌ ማሽን ግን ይህ ጉዳት አይደለም።

ነገር ግን ሌላ ዋጋ አለው። ኤች 264 ለተመሳሳይ ጥራት የሚፈጀው ዳታ ይበልጣል። በዋሺንግተን ወይም በስቶክሆልም ወርኃዊ ክፍያ ከፍሎ ያለ ገደብ ለሚጠቀም ሰው ይህ ምንም አይደለም። በሞባይል ዳታ ጥቅል እየገዛ በስልኩ በኩል ላፕቶፑን ለሚያገናኝ ተማሪ ግን እያንዳንዱ ሜጋባይት ብር ነው። ለእሱ ምናልባት የሚሻለው አዲሱን ኮዴክ በ480 መስመር ማየት ነው፤ በዚያ መጠን አሮጌ ሲፒዩም ብዙ ሳያልበው ይወጣዋል፣ ዳታውም ይቆጥባል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ስሌቱ እንደገና ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ባትሪ ነው፣ ባትሪን የሚያተርፈው ደግሞ ወፍጮው ነው። ስለዚህ ከዚህ ሆነን ማሽኑን አስተካክለን ስንልክ ለእኛ የሚመቸውን ቅንብር ዘግተን ከመላክ፣ ሁለቱንም መንገድ አሳይቶ መላክ ይሻላል። ኮምፒዩተሩን የሚጠቀምበት ሰው የትኛው እንደሚጎድለው ከእኛ በላይ ያውቃል።

ከንቱ ድካም

በዚህ ጉዳይ ሰው ገንዘብና ጊዜ የሚያጠፋባቸው ነገሮች አሉ። ሜሞሪ መጨመር አንዱ ነው። ሜሞሪው ሞልቶ ካልተቸገረ በቀር 8 ጊጋባይቱን 16 ማድረግ የቪዲዮ መፍታትን አያፈጥንም። ፈጣን ኢንተርኔት መግዛትም ከላይ «ለ» ብዬ ለጠቀስኩት በሽታ አይረዳም። ስርጭት መቀያየርም እንዲሁ፤ ዛሬ ኡቡንቱ፣ ነገ ፌዶራ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ እያሉ መዞር ድራይቨሩ እስካልተጫነ ድረስ ቤት መቀየር እንጂ በሽታ መፈወስ አይደለም።

የክፍያ ፊልም አገልግሎቶች ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ በሊኑክስ ላይ የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርገው ነው የሚልኩት። ምክንያቱ ኮምፒዩተሩ አልቻለም ተብሎ አይደለም፤ ፊልሙን የሚጠብቀው ቁልፍ በሊኑክስ ላይ በሶፍትዌር ብቻ ስለሚሠራ አያምኑትም። ይህን የትኛውም ቅንብር አያስተካክለውም፤ ሲያስተካክሉ ከማደር ማወቁ ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

አዲስ ሁሉ በሁሉ አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ 5 የተባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ከቀዳሚው በብዙ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ቀዳሚው የነበረው የኤች 264 ወፍጮ ከውስጡ ወጥቷል፤ ሲፒዩው ስለጠነከረ በሙቀጫው ይወጣዋል ተብሎ። ኮምፒዩተርን በዓመተ ምሕረቱ ብቻ መፍረድ እንደማያዋጣ ይህ አንድ ምሳሌ ነው።

ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀምር የነበረው ሐሳብ፣ ኋላም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያለ ደመወዝ የደከሙበት ነገር፣ የኮምፒዩተሩ ባለቤት በኮምፒዩተሩ ላይ እንዲያዝ አስችሏል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ብሂላችንን በሥራ ያሳዩ ሰዎች ናቸው። በቪዲዮው ጉዳይ ይህ ሐሳብ ከፓተንትና ከቁልፍ ጋር ተጋጭቶ መሐል መንገድ ላይ ቆሟል። ባለቤቱ የገዛው ቺፕ ውስጥ የገዛው ክፍል አለ፤ ሊያዝበት የሚችለው ግን መኖሩን ሲያውቅና መንገዱን ሲፈልግ ብቻ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ አሮጌውን ላፕቶፕ ከመጣላችሁ ወይም «ለልጆቹ ይበቃቸዋል» ብላችሁ እንዲሁ ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። የትኛው ትውልድ ነህ? የትኛውን ኮዴክ ታውቃለህ? አሁን በምን እየፈታህ ነው? ለሦስቱም መልስ ለማግኘት ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ከምድር ቤት የወጣ፣ አቧራው የተጠረገ፣ ወፍጮው የተነሳ አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ተማሪ ሦስትና አራት ዓመት የሚያገለግል ቤተ መጻሕፍትና የመማሪያ ክፍል ሊሆን ይችላል፤ የዛሬ ትምህርት አብዛኛው በቪዲዮ ነውና።

ለዛሬው በዚህ ላብቃ። ቸር ይግጠመን።